የአደራ ሸክላ፦ «ቼ በለው» ለምን ተወደደ?

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ሸክላ ነው። ሸክላ ስል ምጣዱን ወይም ጀበናውን ማለቴ አይደለም፤ ካሴት አገሩን ከመውረሱ በፊት አባቶቻችን በመርፌ እያጫወቱ ሙዚቃ ይሰሙበት የነበረውን ጥቁርና ክብ ነገር ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሸክላ አንድ አለ፤ አንድ ብቻ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው 1,500 ዶላር ልስጣችሁ ብሎን ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ሸክላ ያነበብኩትን፣ የጠየቅሁትንና ከእናቴ አፍ የሰማሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ምናልባት እናንተም ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተረስቶ ይሆናል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ነው። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ዶን ሚልስና ኤግሊንተን የሚባሉት መንገዶች ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ፣ በዶን ቫሊ ፓርክዌይ አጠገብ ተደርድረው የቆሙ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። ከድሮ ጀምሮ አዲስ መጤ የሚያርፍበት ሰፈር ነው፤ አሳንሰር ውስጥ ከመሬት እስከ ቤታችን ድረስ የአራት አገር ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። እንጀራና ቡና ሲያምረን በ100 ቁጥር አውቶቡስ ብሮድቪው ጣቢያ ወርደን፣ በምድር ባቡር ወደ ዳንፎርዝ እንሄዳለን።

እናቴ እዚህ የመጣችው በ1996 ነው። ሻንጣዋን ስንከፍት በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጋቢው ከነሽታው ወጣ። ከጋቢው መሐል ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያክል ስስ ነገር ተገኘ። «ይኼ የአባትህ ነው፤ እንዳትነካው» አለችኝ። ያን ጊዜ ማጫወቻም አልነበረንም። ሸክላው ለዓመታት ከቁም ሳጥን ጀርባ ቆሞ ኖረ። ኋላ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር በ20 ዶላር ማጫወቻ ገዛሁና አቧራውን ጠርጌ መርፌውን አሳረፍኩበት።

ኦርጋን መጣ። ከኦርጋኑ ሥር ቤዝ ጊታሩ እየተንከባለለ፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ... አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ የሚዘፍን ሰው የለም። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበርና «ዘፋኙ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና «እኔ አለሁልህ» ብላ ግጥሙን በኦርጋኑ ላይ ታወርደው ጀመር።

ሸክላው ምንድን ነው?

ሸክላው «ቼ በለው» ይባላል። ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባንድ በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ የሠሩት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ ነው። ያሳተመው ካይፋ ሪከርድስ ሲሆን፣ ባለቤቱ ብዙዎቻችን አሊ ታንጎ በሚል ስም የምናውቃቸው አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ናቸው።

ዋሊያስ ስማቸውን የወሰዱት ከሰሜን ተራሮች እንስሳችን ከዋልያ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሙዚቀኛ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ተቀጣሪ ነበር፤ የምሽት ክበብ ውስጥ የሚሠራውም ቢሆን መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ነበር። ዋሊያስ ግን የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው፣ የራሳቸውን ውል ተዋውለው የሚሠሩ ነበሩ። ለዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ተጫውተዋል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሌሊት የመጣ እንግዳ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ሕዝቡም ባንዱም ተቆልፎባቸው እስኪነጋ ይቆያሉ። ጨፋሪው ሊደክመው ይችላል፤ ባንዱ ግን እስከ ንጋት የሚያደርስ ሙዚቃ ሊኖረው ይገባል። በሸክላው ላይ የምንሰማው ያ የማይቸኩል፣ እየተመለሰ የሚሽከረከር አጨዋወት እንዲህ ካሉ ሌሊቶች የተገኘ ይመስለኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ጋሽ ኃይሉ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላኩ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ተጫውተዋል። ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄም አሉበት፤ ሙላቱ የሚጫወቱት ቫይብራፎን፣ ያ እንደ ጠብታ ውኃ የሚንጠባጠበው ድምፅ፣ በሚገባ ይሰማል። ከውስጡ በዓለም ላይ ዝና ያገኘው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኢይዘር ኦርኬስትራን የመሳሰሉ የፈረንጅ ባንዶች ሳይቀሩ ተጫውተውታል።

ዘፋኝ ለምን የለም? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። በደርግ ዘመን ግጥም ያለው ዘፈን በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ስለ ፍቅር የተገጠመው ስለ ሌላ ነገር ነው ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ለሰምና ወርቅ የሠለጠነ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ቃል የሌለው ዜማ ግን ምኑ ይቆረጣል? ቃሉን ሰሚው ለራሱ በልቡ ይዞታል።

እንዴት ብርቅ ሆነ?

የሸክላን ነገር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ያንን ጥሰው የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙት ወጣቱ አምሃ እሸቴ ናቸው። ዘመኑ 1969 ነው፤ እዚህ ሰፈራችን ጥግ የነበረው የኦንታሪዮ ሳይንስ ሴንተር የተከፈተበት ዓመት። (እሱም በ2024 ተዘግቷል።) የአምሃ የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። አገር ቤት ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ሙዚቃ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ተልኮ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ በ1975 አገር ጥለው እስኪወጡ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆቹን አሳትመዋል።

ከእሳቸው በኋላ ካይፋ ቀጠለ። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ም የካይፋ ነው። ነገር ግን የሸክላ ዘመን እየመሸ ነበር። ካሴት መጣ፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ይባዛል፣ በባትሪ ይሠራል፣ ገጠር ድረስ ይሄዳል። በ1978 ገደማ የኢትዮጵያ ሸክላ ኅትመት አበቃ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት በጠቅላላ የወጣው አምስት መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላና ሠላሳ ገደማ ትልልቅ ሸክላ ነው። «ቼ በለው» ከእነዚያ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው።

ከታተሙት ውስጥ ደግሞ ስንቱ ተረፈ? ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ትልቁ ሸክላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ይይዛል። ላዩ ላይ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ የሚሄድ አንድ ረጅም ቦይ አለ። ድምፁ ማለት የዚያ ቦይ ግድግዳ ወጣ ገባነት ነው። መርፌው በቦዩ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በድምፅ ማጉያ ይወጣል። ስለዚህ ሸክላ በተሰማ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይፋቃል። መርፌው ያረጀ ወይም ክንዱ የከበደ ከሆነማ እንደ ማረሻ ነው። በእኛ አገር አንድ ሸክላ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ሠርግ ሲኖር ይለመናል፣ ጎረቤት ይዋሰዋል፣ ልጅ ይጥለዋል። የተወደደው ሸክላ ነው ቶሎ ያለቀው።

ሌላው ምክንያት እኛው ራሳችን ነን። ስንቶቻችን ነን በሱዳን በረሃ በእግራችን የወጣነው? ስንቶቻችን ነን አንዲት ሻንጣ ብቻ የተፈቀደችልን? ለሰነድና ለፎቶግራፍ ቦታ ያጣ ሰው ለሸክላ ከየት ያመጣል?

ፈረንጆቹ እንዴት ደረሱበት?

ዋሊያስ በ1981 አሜሪካ መጥተው ለኢትዮጵያውያን ተጫወቱ። ጉዞው ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ ግን ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠሩ። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ነዱ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ተሳፋሪው ማን እንደሚነዳው አያውቅም።

በሌላ በኩል ፋልሴቶ «ኧረ መላ መላ»ን በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና እንዲታተም አደረገ። በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ጀመረ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው የፊልም ሰው የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ አስገባ። እዚሁ ቶሮንቶ ያደገው ሶማሊያዊው ኬናን እንኳ በ2009 ባወጣው አልበሙ የእኛን የ1970ዎቹ ሙዚቃ ቆርጦ ተጠቅሞበታል። ከዚህ በኋላ ነው ሸክላ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች መፈለግ የጀመሩት።

የጋሽ ኃይሉ ራሳቸው መገኘት ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ዳር አንድ ካሴት ገዛ። ካሴቱ ጋሽ ኃይሉ በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻቸውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠሩት ነበር። ሰውዬው አፈላልጎ ዋሽንግተን ስልክ ደወለላቸው፤ ተስማሙና ካሴቱ በ2013 በሸክላ ወጣ። በ2014 «ቼ በለው»ም እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎች አወጡ።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላውም አገር ደርሷል። እንግሊዛዊቷ ቫሽቲ በንያን በ1970 አንድ ሸክላ አሳትማ፣ ገዢ ስታጣ ሙዚቃን ትታ ገጠር ገባች። ሸክላው ግን በሰብሳቢዎች እጅ እየተወደደ ሄዶ በ2000 እንደገና ሲታተም እሷም ከተደበቀችበት ወጣች። ልዩነቱ እሷ የተወችው ሰሚ አጥታ ሲሆን፣ የእኛዎቹ ግን ሰሚያቸው ከነሱ ጋር ተበትኖ ነው።

«ሳይኬደሊክ» ያሉት ምኑን ነው?

ሰብሳቢዎቹ ከእነዚህ ሸክላዎች አጠገብ «ሳይኬደሊክ» የሚል ቃል መለጠፍ ይወዳሉ። ቃሉ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካና የእንግሊዝ ወጣቶች በዕፅ የሰከረ አእምሮን እንዲመስል ብለው የሠሩትን ሙዚቃ ያመለክታል፤ ኦርጋኑ ይዋኛል፣ ጊታሩ ያለቅሳል፣ ድምፁ ያስተጋባል። የሕዝብ ዜማ ሲጨመርበት «ሳይኬደሊክ ፎክ» ይሉታል።

የሚሰሙት ድምፅ በእርግጥ ሸክላው ላይ አለ። ኦርጋኑም ይዋኛል፣ ጊታሩም ያለቅሳል። ዜማዎቹን ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ቼ በለው» ማለት ፈረስ የሚነዳበት ቃል ነው። «ሎሚ ተራ ተራ» ከልጅነታችን የምናውቀው የሕዝብ ዜማ ነው፤ ለእናቴ የጥምቀት ሜዳና የሚወረወር ሎሚ ነው። «እቲ ጓል ብለናይ» የትግርኛ ዜማ ነው፤ በሰሜን ጦርነት በሚነድበት በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ያለ ቃል ተጫውተውታል። ለፈረንጁ ጆሮ እንግዳ የሚሆንበት ያ ድምፅ ስካር ሳይሆን ቅኝት ነው፤ ማሲንቆና ክራር በአምስት ድምፅ የሚያወጡትን ትዝታና ባቲ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ላይ ሲያወጡት የሚሰማው ነው።

ከፈረንጁ ሰብሳቢ ጋር ቁጭ ብለን ሸክላውን ስንሰማ ይህንን አስተዋልኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ኦርጋኑን ያዳምጣል። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱ ሸክላው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ምናልባትም ከእኔ በተሻለ፣ ይሰማል። እሷ ደግሞ ሸክላው ላይ የሌለውን ትሰማለች። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ከግጥሙ ግን ግማሹን እንኳ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ያደገችው እናቴ የምትለውን ግጥም ካሴት ላይም ሰምቼው አላውቅም። ልጄማ ዜማውንም አያውቀው። ሸክላው በሦስት ትውልድ ውስጥ አልተጫረም፤ ቃሉ ግን እያለቀ ነው።

ዋጋው እንዴት ይወጣል?

ሰውዬው በሥራ ቦታ የማውቀው ደግ ካናዳዊ ነው። ሸክላውን መጀመሪያ በፎቶግራፍ አይቶ ነው 1,500 ዶላር ያለው። ቤታችን መጥቶ ሲመረምረው እንዴት እንደሚገመት አስተማረኝ። ለእናንተም ሊጠቅም ይችላል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው እትም መሆኑ ይታያል። ሽፋኑ ላይ የመደብር ባር ኮድ ካለ የኋለኛው ዘመን እትም ነው፤ በ1977 እንዲህ ያለ ነገር የለም። በመሐል ባለው ወረቀትና በቦዩ መጨረሻ መካከል ባለው ባዶ ጥቁር ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥርም ይነበባል። ሁለተኛ፣ ሸክላው በብርሃን ሥር ይገላበጣል። ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ድምፁ ይዘላል፤ ለስላሳ ከሆነ ይንጫጫል እንጂ ይሰማል። ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ይታያል፤ የተቀደደ፣ የረጠበ፣ የተጻፈበት ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። የአንዳንድ የኢትዮጵያ ሸክላ ዋጋ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር የሚለያየው በእነዚህ ነገሮች ነው።

አያያዙንም ነገረኝ። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይደራረብ፤ ከክብደት የተነሣ ይጎብጣል። ከማሞቂያው ይራቅ፤ የእኛ ፎቅ ማሞቂያ በክረምት ሸክላ ለማጣመም ይበቃል። በዳሩና በመሐሉ ወረቀት ይያዝ እንጂ ጣት ቦዩን አይንካ። በለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውኃ፣ በቦዩ አቅጣጫ ይጠረግ።

ከዚያ ሽፋኑን ገለበጠና ዝም አለ። ከጀርባው፣ በስተቀኝ ጥግ፣ በእርሳስ የተጻፈ የሰው ስም አለ። የአባቴ ስም አይደለም። እኔም ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ የሻጩ ይሆናል ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ይህ ጽሑፍ ባይኖር ያልኩህን እሰጥህ ነበር፤ ከነጽሑፉ 1,100 ነው» አለኝ። ቀጥሎም በቅንነት፣ «እርሳስ ስለሆነ በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ከፈለጋችሁ እኔ ላጥፋው» አለ።

እናቴ እንግሊዝኛው አልገባትም። ጣቱ ስሙ ላይ ሲመላለስ ግን አየች። ተነሥታ ሸክላውን ከእጁ ተቀበለችው።

አደራው

ያን ማታ ነገረችኝ። በ1977 መገባደጃ ላይ የአባቴ ጓደኛ ይህን ሸክላ ኮቱ ውስጥ ደብቆ አንድ ምሽት ቤታችን መጣ። አዲስ የወጣ ነው። ማጫወቻ ያለው አባቴ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርገው ሁለቱንም ገጽ ሰሙት፤ እንደገና ሰሙት። ሰዓት እላፊ ሊደርስ ሲል ሰውዬው ኮቱን ለበሰ። ሸክላ ይዞ መንገድ ላይ መታየት አልፈለገምና «ነገ እወስደዋለሁ» አለ። እንዳይምታታ ብሎ ከጀርባው ስሙን ጻፈበት።

ቀይ ሽብር ነው ዘመኑ። ከሳምንት በኋላ ከቤቱ መወሰዱን ሰሙ። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም።

አባቴ ሸክላውን አስቀመጠው። አላጫወተውም፤ አላዋሰውም። ለዚህ ነው ያልተጫረው። ፈረንጁ «እንዴት እንዲህ ንጹሕ ሆነ?» ብሎ የተደነቀበት ነገር መልሱ ይኸው ነው። አባቴ በ1993 ሲሞት ለእናቴ «የሰው ነው፤ አደራ» አላት። እሷም በሦስተኛው ዓመት በጋቢ ጠቅልላ ይዛው መጣች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ተከራከርኳት። ልጄ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ገንዘቡ ለመጽሐፉና ለኮምፒዩተሩ ይሆን ነበር። «እማዬ፣ ባለቤቱ ከአርባ ዓመት በላይ አልመጣም፤ አሁን ይመጣል ብለሽ ነው?» አልኳት። «አይመጣም» አለችኝ። «እኔም አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ብሩን ምን ብዬ እበላዋለሁ? ስሙን አጥፍቼ?»

መልስ አልነበረኝም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ለገበያው 400 ዶላር የሚያጎድል እድፍ ነው። ለእኛ ግን ሸክላው በቤታችን የቆየበት ብቸኛ ምክንያት ያ ስም ነው። ምናልባትም የዚያ ሰው የእጅ ጽሑፍ በዓለም ላይ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ይሆናል።

ካናዳዊው ወዳጄ ነገሩን ስነግረው ቀይ ሆነ፤ ይቅርታም ጠየቀ። በኋላ በደህና ማጫወቻ ሸክላውን ወደ ኮምፒዩተር እንድንገለብጥ ያገዘን እሱ ነው። ለቤታችን መስሚያ ደግሞ የ2014ቱን እትም ገዛሁ፤ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ከጋሽ ኃይሉ ጋር በስምምነት የወጣ ነው። አሮጌው ሸክላ በስንት ሺ ዶላር ቢሸጥ ከሻጭ ወደ ገዢ ነው፤ ለሙዚቀኞቹ ሰባራ ሳንቲም አይደርሳቸውም። ይህንንም ማሰብ ደግ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግን። እሑድ እሑድ አዲሱን እትም እናጫውትና፣ እናቴ በላዩ ላይ ስትዘፍን ልጄ በስልኩ ይቀዳታል። የማታስታውሰው ሲገጥማት ታቆማለች፤ አንዳንዴ ለደብረ ማርቆስ እኅቷ ትደውላለች፤ ሁለቱ በስልክ ይከራከራሉ፤ እሱንም እንቀዳለን። እስካሁን የሦስቱን ዜማ ግጥም በወረቀት አስፍረናል። ልጄ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው በዚህ ነው።

የሸክላውን ባለቤት ዘመዶችም በእድርና በቤተ ክርስቲያን እየጠየቅን ነው። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ቤተሰቡ ካለ ከጽሑፍ ሳይሆን ከእናቴ አፍ ሊሰሙት ይገባል ብዬ ነው። ቢገኙ ሸክላው የእነሱ ነው። ሸጠው ቢበሉትም መብታቸው ነው፤ እናቴ እንዲህ ብላለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ሸክላ ካለ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የተጻፈ ነገር ካለ አታጥፉት። ያመጡት ሰዎች በሕይወት ካሉ ቡና አፍልታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሸክላውን አጫውቱና ምን እንደሚሰሙ ጠይቋቸው። ሸክላው ቀጥ ብሎ ከቆመና ከማሞቂያ ከራቀ ብዙ ዓመት ይቆያል። እናቶቻችን ግን ያን ያህል አይቆዩልንም።

ቸር ይግጠመን።